ሾፌሩ ይውጠዋል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ የከተማ ባቡር ሲነሣ ኃይል ይበላል፣ ሲቆም ግን ኃይል ይመልሳል። ሞተሩ መንኮራኩሩን ማዞሩን ይተውና መንኮራኩሩ በተራው ሞተሩን ያዞራል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጪ ይሆናል። የተመለሰው ኤሌክትሪክ ከላይ በተዘረጋው ሽቦ ይሄዳል። በአቅራቢያው የሚነሣ ሌላ ባቡር ካለ ይጠቀምበታል። ከሌለ ግን ጣሪያው ላይ ባሉ ብረቶች ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ከተማችን ለዓመታት ሰማዩን ስታሞቅ ኖራለች ማለት ነው።

ልጄ መሐንዲስ ናት። እሷና ባልደረቦቿ በገበያው ጣቢያ አጠገብ የኃይል ማከማቻ ተክለዋል፤ በረድፍ የቆሙ፣ ውስጣቸው ባትሪ የታጨቀ ግራጫ ሣጥኖች ናቸው። ባቡሩ ሲቆም የሚመልሰውን ይቀበላሉ፣ ሲነሣ መልሰው ይሰጡታል። ሾፌሮቹ "ቁም ሳጥኑ" ይሉታል። ሙከራው የሚያበቃው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የተባለውን ያህል ካልቆጠበ ይነቀልና ወደ ሌላ ከተማ ይጫናል። የልጄ የሥራ ውል ከመሣሪያው ጋር ስለሆነ እሷም አብራ ትሄዳለች።

ክፍሏ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ብትሄድ ማከራየት ይቻላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቁም ሳጥኑ ባዶውን ያድራል አለችኝ ልጄ። ምክንያቱም ታውቋል። ባቡሩ ሁለት ዓይነት ፍሬን አለው። አንዱ ኤሌክትሪክ የሚመልሰው ነው። ሌላው ሸራ ነው፤ መንኮራኩሩን አንቆ ያቆማል፣ ሙቀትና ሽታ እንጂ ሌላ ነገር አይሰጥም። ሾፌሮቹ ሸራውን ይወዳሉ።

"እማ፣ ስሌቱ ልክ ነው። ልክ ያልሆኑት ሰዎቹ ናቸው" አለች፣ ሾርባዋን እያማሰለች።

"ሰዎቹን ያላስገባ ስሌት እንዴት ልክ ይሆናል?" አልኋት።

"ደግሞ ጀመርሽ" አለችና ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ሥራ አድክሟታል።

ከሾፌሮቹ ሁሉ ነባሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። "ጥጥ" ይሉታል። ባቡር ሲያቆም ቆሞ የሚሄድ ሰው እጁን ወደ ብረቱ መላክ አያስፈልገውም፣ ጥጥ ላይ እንደማረፍ ነው። አዲስ የሚቀጠሩትን የሚያሠለጥነው እሱ ነው፤ እነሱም ሸራውን ከእሱ ተምረው ነው የሚወዱት። ስለዚህ ጉዳዩ የማስረዳት ጉዳይ ነው። ማስረዳት ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው። እሑድ ቤት ጠራሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ወንድሜ መጣ። ዳቦ ይዞ መጣ። ትምህርቱን በሚገባ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰሌዳ ስለሌለኝ የቀን መቁጠሪያውን ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሥዕሉን ሳልሁበት። በጥሞና አዳመጠ። በመጨረሻ አጭር ጥያቄዎች ሰጠሁት።

"እታለም፣ ፀጉሬ ሸብቶ ፈተና?"

"ያልተፈተነ ትምህርት ወሬ ነው።"

"እሺ ቲቸር። ኩረጃ ይፈቀዳል?" ብሎ ልጄን ጠቀሳት። ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ "ባቡር ሲቆም ፍጥነቱ ወዴት ይሄዳል?" የሚል ነበር። ወንድሜ እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ ሲያንኳኳ ቆየና "ሾፌሩ ይውጠዋል" ብሎ ጻፈ። ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ አይቀልድም ነበር። በቀይ አረምሁለትና ትክክለኛውን መልስ ከጎኑ ጻፍሁ። ሌሎቹም ብዙ አልተሳኩለትም። ድሮም ትምህርት ቤት አይወድም ነበር።

ወረቀቱን አይቶ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተወው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ተረኛ ይሆናል። እኔ ግን የዕረፍት ቀኑ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ልጄ ትምህርቱን ለሾፌሮቹ በወረቀት እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። እሷ ናት የጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ከጡረታ ወዲህ አላስታውስም። ጠዋቱን ሙሉ ጻፍሁ። ዓይኔ ደክሟል። ነገ ሥዕሎቹን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሥዕሎቹ አልቀዋል። ቀስቶቹን በማስመሪያ አሰመርሁ። እንደ ልማዴ በመጨረሻው ገጽ "የተለመዱ ስህተቶች" የሚል ክፍል ጨመርሁ። ተማሪ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ከሌላ ሰው ስህተት ይማራል፤ ይህን በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አይቻለሁ። ስም አልጠቀስሁም። ስም ጠቅሼም አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ወረቀቱ ታደለ። ልጄ "ሁሉም አነበቡት፣ እየተቀባበሉ ነበር የሚያነቡት" አለችኝ። ብዙም ደስ ያላት አትመስልም። ምን ሆንሽ ብላት "ምንም" አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ወንድሜ አልመጣም። እሑድ ሳይመጣ ሲቀር ይደውል ነበር። ዳቦ ራሴ ገዛሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ለስኳርና ለሳሙና ወደ ገበያው ወርጄ ነበር። ትኬት ሻጯ በመስኮቷ ጠራችኝ። ጨዋታ ወዳድ ናት፤ ባቡር በሌለበት ሰዓት ያገኘችውን ሰው ሁሉ ይዛ ታወራለች።

"ቲቸር፣ ጥጥን እኮ ስም ቀየሩለት። አልሰማሽም?"

"ምን ብለው?"

"ዋጠው!" ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። "ያ ወረቀት ላይ 'ሾፌሩ ይውጠዋል' የሚል ነገር አለ አሉ፣ ስህተት ተብሎ። እሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚላት አባባሉ ናት። ሁሉም በአንዴ ነው ያወቁት። አሁን ወደ ምሳ ቤቱ ሲገባ 'ዋጠው መጣ፣ ምግባችሁን ደብቁ' ይሉታል። እሱም ይስቃል። ጥሩ ሰው ነው።"

ስኳሩን ረስቼ ሳሙናውን ብቻ ይዤ ተመለስሁ።

ያች ዐረፍተ ነገር የእሱ ብቻ መሆኗን እንዴት ላውቅ እችላለሁ? እኔ ሠልጣኝ አይደለሁም። ስም አልጠቀስሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 1

አልመጣም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ወደ ቤቱ ሄድሁ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆመች። "ተኝቷል እታለም፣ የሌሊት ተረኛ ነበር" አለችኝ። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ሰው ሬዲዮ ከፍቶም ይተኛል። ለልጆቹ ያመጣሁትን ብርቱካን ሰጥቻት ተመለስሁ። ግቢ አላለችኝም፤ ቤቱን እየወለወለች መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ልጄ ያመጣችው የሳምንቱ ውጤት ከወረቀቱ በፊት ከነበረው አንሷል። ይህን በምን ላስረዳ? የማይገባ ትምህርት ካልሰጡት ጊዜ ጋር እኩል ያደርጋል እንጂ ወደ ታች አይወርድም።

"አኩርፈው ነዋ" አለች ልጄ። "በፊት የኤሌክትሪኩን አልፎ አልፎም ቢሆን ይነኩት ነበር። አሁን ማን ይነካዋል? የነካ የቲቸር ጎበዝ ተማሪ ይባላል።"

"ይህ የሕፃን ሥራ ነው።"

"አንቺ ነሻ የሕፃን ትምህርት የሰጠሻቸው።"

ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ ቆየች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ "ሾርባ አለ?" አለችኝ። አሞቅሁላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የወንድሜን ባቡር ተሳፈርሁ። መስኮቱን አይቼ እሱ መሆኑን አረጋግጬ ነው የገባሁት። መቀመጫ ነበረ፤ ሆን ብዬ ቆምሁ፣ ብረቱንም አልያዝሁም። በየጣቢያው ሲያቆም ልብ ብዬ ተከታተልሁ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት መሀል ላይ ቆማ ስልክ ታወራ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደችም። ልጁም አልነቃም። የሸራው ሽታ ግን በመስኮት ይገባል። ያ ሽታ ልጄ ልትይዘው የምትፈልገው ኃይል ነው።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ ወርጄ በሾፌሩ ክፍል በኩል አለፍሁ። በመስታወቱ አይቶኛል። ፊቱን ወደ ሐዲዱ አድርጎ መነጽሩን ይጠርግ ነበር። መስኮቱን ማንኳኳት እችል ነበር። የሥራ ሰዓት ስለሆነ ተውሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 15፣ ማታ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጄ ቢሮ ናት። ዛሬ የሰማሁትን በቅደም ተከተል ላስፍር።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከጀርባዬ ሁለት ሾፌሮች ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፤ ማን እንደሆንሁ አላወቁም።

አንዱ "ኢንጂነሯ ትናንትም ለመነችኝ" አለ።

"ምን አልካት?"

"ምን እላታለሁ? እሺ ነዋ። ከዚያ ሸራዬን ያዝኩ። የኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ሲይዝ በቅሎ እንደረገጠህ ነው። ተሳፋሪ ቢወድቅ ማን ነው የሚታገደው? ቁም ሳጥኑ ነው?"

"ጥጥን አላየኸውም? ያቺ አሮጊት ክንዷን የተሰበረች ጊዜ?"

"እሱ እኮ ነው የምልህ። ጣቱን እንኳ አላነሣም፣ ፍሬኑ ነው በራሱ የነጠቀው። ግን ክረምቱን በሙሉ ማን ቤት ተቀመጠ? ዋጣት።"

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

ያን ክረምት አስታውሳለሁ። ወንድሜ ተሳፋሪ ወድቃበት ታግዶ በየቀኑ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። የቤቱን ማጠፊያዎች ሁሉ ዘይት ቀባ፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ ሠራ፣ የማይንቀጠቀጠውን ወንበር እንኳ ፈትቶ እንደገና መታው። ደስ ብሎት ያረፈ መስሎኝ ነበር። ስለ አሮጊቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣው፦ "ክንዷ ዳነ" አለኝ። እኔም "እንኳን ዳነ" ብዬ የክረምት ተማሪዎቼን ደብተር ማረሜን ቀጠልሁ።

ደንቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ባቡር ውስጥ ሰው ከወደቀ ምርመራው እስኪያልቅ ሾፌሩ ይታገዳል። ልጄ ለዕቃው ሙቀት፣ ለሽቦው፣ ለዝናቡ ስሌት አላት። ለዚህ የላትም። የእኔም ወረቀት ላይ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ሰዎቹ ትምህርቱ ገብቷቸዋል። መጀመሪያም ገብቷቸው ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ለልጄ ነገርኋት። ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳላርም፣ የሰማሁትን እንዳለ። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። "እማ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም" አለች። "አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ ሰማሽ።" ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ብዙ ሥራ። ልጄና ባልደረቦቿ የኤሌክትሪክ ፍሬኑ ሲጀምር እንዳይነጥቅ፣ ቀስ እያለ እንዲይዝ አስተካከሉት። ባዶ ባቡር ላይ ሞከሩት፤ "እንደ ሸራው ሊለሰልስ ምንም አልቀረው" አለች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። የስምሪት ኃላፊውንም ቢሯቸው ድረስ ሄዳ አናግራቸዋለች። ጠንካራ ሰው ናቸው ይባላል፤ ግን በሙከራው ጊዜ ሰው ቢወድቅ ሾፌሩ እንዳይታገድ በፊርማቸው ፈቅደዋል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውጤት ጥሩ ከሆነ ሙከራውን እንደሚያራዝሙም ተናግረዋል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

አሁን የቀረው ተሳፋሪ ይዞ መሞከር ነው። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ነበር። ልጄ እንደነገረችኝ፣ የፈቃዱ ወረቀት ተነበበላቸው። ከዚያ አንዱ "ጥጥ ይያዘውና እኛም እንይዛለን" አለ። ሌሎቹም "ልክ ነው" አሉ። ዋጠው አላሉትም። ጥጥ አሉት።

ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ቆቡን አደረገና "እኔ ስህተት ነኝ፣ በወረቀት ተጽፏል። ትክክለኛ ሰው ፈልጉ" ብሎ ወጣ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ወረቀቱን እንደገና ጻፍሁት። የመጨረሻውን ገጽ በሙሉ አወጣሁት። ለልጄ "ይህን አድይላቸው፣ የድሮውን ሰብስቢ" አልኋት።

"እማ፣ አጎቴ ወረቀት አይደለም የሚፈልገው።"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚፈልገው? ስህተቱ ታርሟል እኮ።"

"የማን ስህተት?"

ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የምትመረምረው ይመስል እጄን ይዛ ታገላብጠው ነበር።

"አጎቴ ከትምህርት ቤት ለምን እንደወጣ ታውቂያለሽ አይደል?" አለች።

"አይወድም ነበር።"

"አያቴ ሲሞት አንቺ መምህራን ኮሌጅ ነበርሽ። አንዳችሁ መሥራት ነበረባችሁ። ሒሳብ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነበር አለኝ። ነግሮኛል፣ ግን 'ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ታውቀዋለች' አለኝ።"

ጥቅምት 10 ቀን "ድሮም ትምህርት ቤት አይወድም ነበር" ብዬ ጽፌአለሁ። ሄጄ አየሁት። እጄ እርሳስ ይዞ ለመሰረዝ ሲወርድ አቆምሁት። ይቆይ። ጎኑ ላይ "ትክክል አይደለም" ብዬ ጻፍሁበት፣ ቀኑንም አኖርሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

አልመጣም። ልጄ ዕቃ መያዣ ካርቶን ከሥራ ቦታዋ ይዛ መጥታ አልጋዋ ሥር አስገባች። "ለማንኛውም" አለች። አንድ ሌላ ሾፌር ብትጠይቅ ብያት ነበር፤ ጠይቃለች። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጧት፦ ጥጥ ከሌለበት የለንበትም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ይህን ገጽ ከደብተሩ ቀድጄ ለወንድሜ እልከዋለሁ። ሚስቱ እጁ ላይ ታኖርልኛለች።

ወንድሜ፣

የዚህ ሳምንት ቅዳሜ የኤሌክትሪክ ፍሬኑ ተሳፋሪ ይዞ ይሞከራል። የሚነዳው ሰው ስም ሐሙስ ማታ ለስምሪት ኃላፊው መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሙከራው አይደረግም፤ መሣሪያው ይነቀላል፤ ልጃችን ካርቶኖቿን ይዛ ትሄዳለች። እንድትሄድ አልፈልግም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፣ ለእሷም ጭምር። ክፍሉን ማከራየት ስለመቻሌ ሳስብ ነው የከረምሁት።

አንተን ለማግባባት ብዬ ይህን አልጻፍሁም። ፍሬኑ በእርግጥ ለስልሷል፤ ልጅቷ እንደማትዋሽ ታውቃለህ። ሰው ቢወድቅም አትታገድም፤ ፈቃዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገር ግን እምቢ ማለት መብትህ ነው፤ ብትልም እሑድ እሑድ በሬ ለአንተ እንደ ወትሮው ክፍት ነው።

የአንተን መልስ ሰው ፊት አውጥቼ ስህተት ብዬዋለሁ። ስም አልጠቀስሁም እያልሁ ራሴን ሳጽናና ሰነበትሁ። ስምህ አባባልህ ውስጥ ነበር። አንተን የሚያውቅ ሁሉ አወቀው፣ እኔ ብቻ አላወቅሁትም። የዚያን ክረምት ማጠፊያዎቹን ስትቀባም አላወቅሁም። ኮሌጅ እያለሁ በየወሩ የምትልክልኝ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን አውቅ ነበር። አላነሣሁትም እንጂ አውቅ ነበር።

ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ያልጠበቅሁት መልስ ሲሰጠኝ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣቴ በፊት "ለምን እንዲህ አልህ?" ብዬ እጠይቀው ነበር። ይህን ያላደረግሁለት ተማሪ አልነበረኝም። አንተን ብቻ አልጠየቅሁም። ስለዚህ አሁን እጠይቅሃለሁ፦ ባቡሩ ሲቆም ሾፌሩ የሚውጠው ምንድን ነው? መልሱን አላውቀውም። ልትነግረኝ ከፈለግህ እርሳስ እንኳ ሳልይዝ አዳምጥሃለሁ።

ቅዳሜን በተመለከተ ግን ሐሙስ ሩቅ አይደለም። እሺም ይሁን እምቢ፣ በሚስትህም በልጅቷም በኩል ሳይሆን በራስህ ድምፅ ልስማው። እባክህ ወንድሜ፣ ይህን እንዳነበብህ ቶሎ መልስልኝ።

እታለም